ጥሪው ለማን ይድረስ? 18 ሠራተኛ፣ ሦስት ወረፋና እያሸነፈኝ ያለ ሠንጠረዥ

ሠንጠረዥ ያዥዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በጥሪ ማዕከል ስልክ ሳነሳ ኖሬ ከአምስት ወር ወዲህ ስልክ የሚያነሱትን እንድመራ ተመደብኩ። ሁለቱ የአንድ ሥራ ሁለት ፊት ይመስሉኝ ነበር። አይደሉም። አሁን ቀኑን ሙሉ የማፈጠው ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ የትኛው ጥሪ ለየትኛው ሠራተኛ እንደሚደርስ የሚወስን ሠንጠረዥ። እሱም እያሸነፈኝ ነው።

በአንድ ፈረቃ 18 ሠራተኞች አሉኝ። ቀድሞ አንድ ወረፋ ብቻ ነበር። ጥሪ ሲገባ ሲስተሙ ለረጅም ጊዜ ጥሪ ያልደረሰውን ሠራተኛ ይፈልግና ይሰጠዋል። ለማንም አያዳላም፣ ማንንም አያውቅም። ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነበር፤ ማንንም አያውቅም። የክፍያ ቅሬታ ያለው ደዋይ ስለ መስመር ብልሽት ብቻ ለሚያውቅ ልጅ ይደርሰዋል፣ ልጁ ያዛውረዋል፣ የተዛወረለት ደግሞ የውል ሰው ሆኖ ይገኛል። አንድ ቀን አንድ አዛውንት እንዲሁ ሲንከራተቱ ቆይተው እኔ ጋ ደረሱ። «ልጄ፣ ይህን ነገር ስናገር ለአራተኛ ጊዜ ነው። አሁን አንቺ ጽፈሽ ያዢውና ለሚቀጥለው አንብቢለት» አሉኝ። ሲቆጡ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የተናገሩት ግን በትሕትና ነው። ኃላፊነቱ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማስተካክለው ይህንኑ እንደሆነ ለራሴ የማልኩት በዚያ ምክንያት ነው።

አስተካከልኩትም። ሠራተኞቹን በችሎታቸው ስድስት ስድስት አድርጌ በሦስት ከፈልኳቸው፦ ክፍያ፣ ብልሽት፣ አዲስ ውል። ደዋዩ መጀመሪያ ከሚሰማው ምናሌ ቁጥር ይመርጣል፤ ጥሪው በቀጥታ ወደሚመለከተው ቡድን ይሄዳል። የሚዛወረው ጥሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ በጉልህ ቀነሰ። ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ ማክሰኞ ጠዋት ድረስ ቆየ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ክፍያ የሚል ቀይ ሳጥን ውስጥ 9 ይላል፤ ዘጠኝ ሰው እየጠበቀ ነው። ዞር ብዬ ሳይ የአዲስ ውል ቡድን ውስጥ አራቱ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። አንዷ የማዳመጫዋን ገመድ በጣቷ ላይ እየጠቀለለች ትፈታለች፣ እየጠቀለለች ትፈታለች። ዘጠኝ ሰው ይጠብቃል፣ አራት ሰው ይጠብቃል፣ መካከላቸው ደግሞ እኔ የሠራሁት ግድግዳ ቆሟል። በየቡድኑ በሰዓት ወደ 75 ጥሪ ይገባል፤ አንዱ ጥሪ ማስታወሻ መሙላቱን ጨምሮ በአማካይ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ድሮ ደዋይ በአማካይ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ከሁለት ደቂቃ አልፏል። የሰው ብዛት ያው፣ የጥሪው ብዛት ያው።

ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ። አንደኛው፣ ሦስቱንም ሥራ አሳምራ የምታውቅ አንዲት ባልደረባ አለችኝ። በሦስቱም ወረፋ አስገባኋት። ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ አታውቅም። ይባስ ብሎ በወሩ ሪፖርት በአንድ ጥሪ ላይ ረጅም ጊዜ ከሚወስዱት አንዷ እሷ ሆና ወጣች፤ አለቃዬም «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለተኛውን ስጽፈው ያሳፍረኛል። ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየችሎታው ከ1 እስከ 5 ደረጃ ስጪ ይላል። አንድ ዓርብ ማታ ብቻዬን ተቀምጬ 18ቱንም በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረጃ ሰጠኋቸው፤ አተምኩት፤ ማተሚያው ላይ ረስቼው ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል። ያስቀመጠው ሰው በብልሽት 2 የሰጠሁት ነው። ምንም አላለኝም። እስካሁንም ምንም አላለኝም።

ወደ አንዱ ወረፋ ልመለስ ወይስ ይህንኑ የማስተካክልበት መንገድ አለ? ይህን መንገድ ቀድሞ የሄደበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

—

ቆጣሪው፦

እህቴ፣ ሥራዬ የፈረቃ ቁጥር መደልደል ስለሆነ በቁጥሩ ልጀምር። ያየሽው ነገር ከሠራተኞችሽ ስንፍና የመጣ አይደለም፤ የወረፋ ጠባይ ነው። ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ የሒሳብ ሊቅ በኮፐንሀገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ቀመር እስከ ዛሬ የጥሪ ማዕከሎች ሰው ይደለድላሉ። የሥራ ጭነት መለኪያውም በስሙ ኤርላንግ ይባላል።

ያንቺን ቁጥር እናስገባው። 75 ጥሪ በአራት ደቂቃ ሲባዛ 300 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ሰው ያለ ፋታ የሚሠራው ማለት ነው። አንቺ ስድስት ሰው አስቀምጠሻል። ቀመሩ እንደሚለው የደዋዩ አማካይ ጥበቃ 141 ሰከንድ ይሆናል። ሁለቱን ቡድን ብትቀላቅዪ፣ 12 ሰው ለ150 ጥሪ፣ ጥበቃው ወደ 54 ሰከንድ ይወርዳል። ሦስቱንም ብትቀላቅዪ 29 ሰከንድ። ልብ በዪ፣ በሦስቱም ሁኔታ ሠራተኛው በሥራ የሚያዝበት ጊዜ እኩል 83 በመቶ ነው። ማንም ተጨማሪ አልሠራም። ቀመሩ ደዋይ ተሰላችቶ አይዘጋም ብሎ ስለሚያስብ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ ግን ሰሌዳሽ ላይ ያየሽው ግማሽ ደቂቃና ከሁለት ደቂቃ በላይ ከዚሁ ጋር ይገጥማል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥሪ ተራ ጠብቆ አይመጣም፤ ይጎርፋል፣ ይደርቃል። ግድግዳ ስታቆሚ አንዱ ክፍል ሲጎርፍ ሌላው ክፍል በዚያው ሰዓት ይደርቃል፤ የደረቀው የጎረፈውን ሊቀበልለት አይችልም።

ታዲያ ወደ አንድ ወረፋ ተመለሺ አልልሽም፤ የሽማግሌውም ነገር እውነት ነው። ይህንንም በቁጥር ላሳይሽ። የማያውቅ ሰው ሲያነሳ፣ ሲጠይቅ፣ ሲያዛውር በአንድ ጥሪ ላይ በአማካይ 48 ሰከንድ ብቻ ቢጨምር፣ 225 ጥሪ በ4 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ተባዝቶ ልክ 18 ሰው ያለ ፋታ የሚሠራው ይሆናል። ያለሽም 18 ሰው ነው። ያኔ ወረፋው እየረዘመ ከመሄድ በቀር ሌላ ዕድል የለውም። እና መቀላቀል የሚጠቅመው ጥሪው ባልለመደው ሰው እጅ ብዙ እስካልዘገየ ድረስ ነው።

መካከለኛው መንገድ ሁለት ሁለት ችሎታ ነው። ሁሉም ሁሉን አይማር። የክፍያ ሰዎች ብልሽትን ይማሩ፣ የብልሽት ሰዎች ውልን፣ የውል ሰዎች ክፍያን፤ ሰንሰለት ሆኖ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1995 ጆርዳንና ግሬቭስ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ፋብሪካዎች ሲያጠኑ እንዲህ ያለ ሰንሰለት ሁሉም ሁሉን ከሚሠራበት አሠራር ጥቅም አብዛኛውን እንደሚያስገኝ አሳይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ በጥሪ ማዕከሎችም ላይ ተመሳሳይ ውጤት ተገኝቷል። ክፍያ ሲጎርፍ የውል ሰዎች ያግዛሉ፤ የውል ሰዎች ሲያዙ የእነሱን የብልሽት ሰዎች ይይዙላቸዋል። ግፊቱ እየተላለፈ ይሄዳል።

በሲስተሙ ላይ እንዲህ አድርጊው፤ ጥሪው መጀመሪያ ለ20 ሰከንድ ያህል የዋናውን ቡድን ይጠብቅ። ነፃ ሰው ካልተገኘ ለሁለተኛው ቡድን ይከፈት። ሁለተኛው ቡድን ግን የራሱ ደዋይ እየጠበቀ ከሆነ አይውሰድ። ይህን የመጨረሻውን ከረሳሽው ሁሉም የሌላውን ሥራ እየሠራ የራሱን የሚያስጠብቅበት ቀን ይመጣል። እኔ ረስቼው አይቻለሁ።

—

አንገቴ ደከመ፦

ያቺ ሦስቱንም የምታውቀው ባልደረባሽ እኔ ነበርኩ። ማለቴ፣ ሌላ ቦታ፣ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ያቺው ነበርኩ።

የመጀመሪያው ደዋይ ደኅና ይሁኑ ሳይለኝ የሁለተኛው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ አንድ ችሎታ ብቻ ስለነበራት በሁለት ጥሪ መካከል መጽሐፍ ታነብ ነበር፤ አንድ ገጽ፣ ጥሪ፣ አንድ ገጽ፣ ጥሪ። ደመወዛችን እኩል ነው። ብዙ መማሬ ያስገኘልኝ ነገር ቢኖር ብዙ መያዝ ብቻ ሆነ።

ከዚያ መላ ዘየድኩ። ጥሪው ሲያልቅ «ማስታወሻ በመሙላት ላይ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ ሦስት ደቂቃ እቆያለሁ። ማስታወሻው በ20 ሰከንድ ያልቃል፤ የቀረው የአንገቴ ነው። አለቃዬ በሪፖርት ያዘኝና «ማስታወሻ ለምን ያስረዝምሻል?» አለኝ። ቀጥሎ ያደረግኩትን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በየስድስት ወሩ የሚሰጠው የችሎታ ማደሻ ፈተና ላይ የውሉን ክፍል አራት ጥያቄ እያወቅሁ ተሳሳትኩ። ከውል ወረፋ አወጡኝ። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ እህቴ፣ ያቺን ልጅ በሦስቱም ወረፋ እኩል አታስቀምጫት። አንድ ዋና ሥራ ይኑራት፤ ሌሎቹን ሁለቱን የምትወስደው በስተመጨረሻ፣ ሌላ ሰው ሲጠፋ ብቻ ይሁን። ለአለቃሽም ስለ ሪፖርቱ አስረጂው። እሷ የምትዘገየው ቀላሉን ሌሎች ወስደውት ቋጠሮው ለእሷ ስለሚቀር ነው። ሰውን በጥሪው ርዝመት ከመለካትሽ በፊት ምን ዓይነት ጥሪ እንደሰጠሽው እዪ። ደረጃውም ላይ እንደዚያው። 2 የሰጠሽው ልጅ ምን በድሎ ነው? ቀስ ስለሚል ነው?

—

ነፃ ሐሳብ፦

ይህ ሁሉ ሰንሰለት ምን ያደርጋል? ሁሉንም ሰው ሦስቱንም አስተምሪና ወደ አንድ ወረፋ ተመለሺ። ሁለት ወር ይበቃል።

—

ቆጣሪው፦

መማሩ ሁለት ወር ይበቃው ይሆናል፤ መርሳቱ ግን አንድ ወርም አይፈጅም። በሳምንት አንዴ የሚነካ ችሎታ ይዝጋል። ዋጋ ሲቀየር፣ ቅጽ ሲታደስ፣ 18 ሰው ሦስት ሦስት ነገር መከታተል አለበት። ሦስተኛውን ችሎታ ለአንድ ሁለት ሰው ማስተማር ጥሩ ነው፤ ለሁሉም ማስተማር ግን ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል።

—

ምናሌ አድማጭ፦

ሁላችሁም ስለ ሠራተኛው ትናገራላችሁ፤ ስለ ደዋዩ ግን ማንም አላነሳም። ጥሪውን «ክፍያ» ብሎ የሰየመው ማነው? ደዋዩ ራሱ ነው፤ ያውም ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ልጁ እያለቀሰ፣ ምናሌውን ሳይጨርስ። አገልግሎቱ የተቋረጠበት ሰው ያቋረጠው ክፍያ ይሁን ብልሽት እንዴት ይወቅ? ሊያውቅ የደወለው እኮ ያንኑ ነው።

ተንኮለኛም አለ። እኔ በነበርኩበት ቦታ «አዲስ ደንበኛ ለመሆን 3 ይጫኑ» የሚለው ወረፋ ቶሎ እንደሚነሳ ሰው ሁሉ ደርሶበት ነበር። አሥር ዓመት ደንበኛ የነበረው ሁሉ 3 ይጫናል። እኛ ደግሞ በሪፖርቱ የአዲስ ደንበኛ ፍላጎት ጨመረ ብለን ተጨማሪ ሰው መደብንበት። ይኸው ቶሎ መነሳቱ ባሰ፣ 3 የሚጫነውም ባሰ።

ማንኛውንም ሠንጠረዥ ከመንካትሽ በፊት ከየወረፋው ሃያ ሃያ የተቀዳ ጥሪ አዳምጪ። ወረቀት ያዢ፤ በግራ ደዋዩ የተጫነውን ቁጥር፣ በቀኝ በእውነት የፈለገውን ጻፊ። ሁለቱ ብዙ የሚለያዩ ከሆነ ችግርሽ ምናሌው ላይ ነው። ምናሌውን በእኛ ክፍሎች ስም አትጻፊው፤ ደዋዩ በሚያየው ነገር ጻፊው። «አገልግሎቴ ተቋረጠ» ብሎ የሚጀምር አማራጭ ስጪው፤ ክፍያ ይሁን ብልሽት ሲስተሙ ሒሳቡን አይቶ ይለየው። የደንበኛው ቁጥር ስልኩ ላይ ይታያል፣ ውዝፍ ካለበትም ሲስተሙ ያውቃል።

ደግሞ ትናንት ደውሎ ያልተፈታለት ሰው ዛሬ ሲደውል፣ የትናንቱ ሠራተኛ በፈረቃው ላይ ካለ ለአጭር ጊዜ እሱን ይጠብቅለት። ሽማግሌው አራተኛ ጊዜ የማይናገሩት ያኔ ነው።

—

ሠንጠረዥ ያዥዋ፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ዝም ያልኩት የምላችሁ እስኪኖረኝ ነው።

ወንድሜ ምናሌ አድማጭ፣ በምክርዎ መሠረት ስልሳ ጥሪ አዳመጥኩ፤ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። የብልሽት ወረፋ ውስጥ ከሰማኋቸው ሃያዎች ሰባቱ ብልሽት አልነበሩም፤ ሒሳብ ስላልተከፈለ የተቋረጠባቸው ናቸው። የብልሽት ልጆች መስመሩን ይፈትሻሉ፣ ማዞሪያውን (ራውተሩን) አጥፍተው ያብሩ ይላሉ፣ አምስት ደቂቃ ያልፋል፣ ከዚያ «ለክፍያ ክፍል ላዛውርዎት» ይላሉ። ምናሌውን ቀየርነው። ውዝፍ ያለበት ደዋይ አሁን በቀጥታ ወደ ክፍያ ይሄዳል። ከሁሉ በፊት ለውጥ ያየሁት በዚህ ነው፤ ከሠራተኞቹ አንዱንም ሳልነካ።

ወንድሜ ቆጣሪው፣ ሰንሰለቱን ጀምረናል፤ እስካሁን የተዘረጋው ግን አንድ እግሩ ብቻ ነው። የውል ሰዎች ክፍያን ተምረዋል፣ ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጥበቃው ከሁለት ደቂቃ በላይ የነበረው አሁን ደቂቃ ከሩብ ገደማ ደርሷል። ገመድ ስትጠቀልል የነበረችው ልጅ ክፍያ በመማሯ አልተደሰተችም፤ ይህንንም ልንገራችሁ። «ቀድሞ እንድንቀመጥ ያደረግሽን አንቺ፣ አሁን የምታስነሺን አንቺ» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።

እህቴ አንገቴ ደከመ፣ ጽሑፍሽን ለባልደረባዬ አሳየኋት። ስታነብ ፈተናው ላይ ስትደርስ ሳቀችና ቶሎ አቆመች፤ ነገሩ ገባኝ። አሁን ዋና ሥራዋ ብልሽት ነው፤ ክፍያና ውል የሚደርሷት ሌሎች ሲያዙ ብቻ ነው። ለአለቃዬም አንዱን ቀን ሙሉ የእሷን ጥሪዎች ዝርዝር ወሰድኩለት። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «ይበቃኛል» አለ።

አሁን 2 ወደ ሰጠሁት ልጅ ልምጣ። አማካይ የጥሪ ርዝመቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ያን ቀን ማታ 2 የሰጠሁት በዚያ ነበር። ያንቺን ጥያቄ ይዤ ሌላ ቁጥር አወጣሁ፦ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ከተስተናገዱት ደዋዮች ውስጥ በሰባት ቀን ውስጥ በዚያው ጉዳይ ተመልሶ የደወለው ስንት ነው? በብልሽት ቡድን ውስጥ ትንሹ የእሱ ነው። እሱ ጋ የደወለ ሰው ተመልሶ አይደውልም። እኔ ቀርፋፋ ያልኩት ልጅ ሥራውን አንድ ጊዜ ሲሠራው ፈጣኖቹ ሁለት ጊዜ ይሠሩታል።

ሄጄ ነገርኩት። የማተሚያውን ወረቀት አስታውሼ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ያኔ ሳየው የገረመኝ ደረጃው ሳይሆን አንዴም አጠገቤ ተቀምጠሽ ሳትሰሚኝ መስጠትሽ ነው» አለኝ። ከዚያ ማዳመጫውን አጠለቀ፤ ጥሪ መጥቶበት ነበር። አሁን በሳምንት ሁለት ሁለት ሰው ጎን ተቀምጬ አዳምጣለሁ፤ 18ቱን ለመጨረስ ዘጠኝ ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ የደረጃውን ዓምድ ለሁሉም 3 አድርጌዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የኢሜይል ጥያቄዎችም ወደ እኛው ይመጣሉ። በዚሁ ወረፋ ላስገባቸው?

—

ቆጣሪው፦

አታስገቢ። ኢሜይል ሁለት ሰዓት ይጠብቃል፤ ስልክ ሁለት ደቂቃ አይጠብቅም። በአንድ ወረፋ ካስገባሻቸው ወይ ኢሜይሉ ሁልጊዜ ይገፋና ሦስት ቀን ይከርማል፣ ወይ አንዱ ሠራተኛ ኢሜይል ሲጽፍ ስልክ ይጮኻል። ጥሪ በሚቀንስበት ሰዓት ለሁለት ሰው አንድ ሰዓት ከስልክ አውጪና ኢሜይል ብቻ ይሥሩ። ጥሪ በድንገት ከጎረፈ መልሰሽ ታስገቢያቸዋለሽ፤ የተጀመረ ኢሜይል ይቀመጣል። እነዚያ ሁለት ሰዎች በየቀኑ ይቀያየሩ፤ የመጀመሪያዋ ደግሞ ያቺ ባልደረባሽ ትሁን።